ከእናት ቤት ወደ ራስ ቤት፦ በደሴና በኮምቦልቻ አካል ጉዳተኛ ወጣት ጎጆ ሲወጣ የትኛውን ይምረጥ?

እኛ ዘንድ ልጅ ጎጆ የሚወጣው ሲያገባ ነው። አልጋ፣ ድስትና ብርድ ልብስ ተጭኖለት፣ ሽማግሌ መርቆት፣ ጎረቤት እልል ብሎለት ይወጣል። አካል ጉዳተኛ የሆነው ልጅ ግን «እሱን ደግሞ ማን ያገባዋል» ተብሎ ገና በልጅነቱ ከዚህ ወግ ይሰረዛል፤ ጋብቻው ሲሰረዝ ጎጆውም አብሮ ይሰረዛል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ከእናቱ ምድጃ አጠገብ «ልጁ» እየተባለ ይኖራል። ቤተሰቡ ጨካኝ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመውደድ ብዛት ነው።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው። እስከ ሃያ አራት ዓመቴ ደሴ ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አደርኩ። ከዚያ እዚያው ግቢ ውስጥ የራሴን ክፍል ያዝኩ፤ ቀጥሎ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር በደባልነት ተከራየሁ፤ አሁን ኮምቦልቻ ብቻዬን እኖራለሁ። ይህን የሚያውቁ እናቶች መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። «እታለም፣ ልጄን ላስወጣው ወይስ ላቆየው?» ይሉኛል። ልጁ ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ቆሟል፤ እሱን የጠየቀው ሰው ግን የለም። ይህ መመሪያ ለሁለቱም ነው፣ ለጠያቂዋም ላልተጠየቀውም።

በምን እንመዝን?

አብዛኛው ሰው የሚመዝነው «ብቻውን ይችላል ወይ?» በሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ጥያቄ ከሄድን ማንም አያልፍም። ምንም ጉዳት የሌለበት ወንደላጤ እንኳ ልብሱን ያሳጥባል፣ እንጀራውን ከሱቅ ይገዛል፣ ውሃ ሲጠፋ በሰው ያስቀዳል። ጥገኛ የማይባለው አዝዞና ከፍሎ የሚያሠራው ራሱ ስለሆነ ብቻ ነው።

እኔ አንድን ኑሮ ከሌላው ሳወዳድር ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው? ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይደርሳል? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀስ በቀስም ቢሆን ወደ ወጣቱ መምጣት አለባቸው። ሦስተኛው መልስ ሳያገኝ ማደር የለበትም። ቁልፍና ገንዘብ ሰጥቶ ሌሊቱን ባዶ የሚተው ምርጫ አደገኛ ነው። ሌሊቱን ሞልቶ ቁልፉንና ገንዘቡን የሚወስድ ደግሞ የቤት ለውጥ እንጂ ጎጆ መውጣት አይባልም።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ መመለስ የብዙ ሰው ልማድ ነው። ለክራንችና ለተሽከርካሪ ወንበር ግን ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው።

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ዋናው አስፋልት እንደ ምንም ይገፋል። ችግሩ ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር ስትታጠፉ ነው፤ መቶ እርምጃ ሳትሄዱ መንገዱ ኮብልስቶን ወይም ድንጋይ፣ ድንጋዩ ደግሞ ደረጃ ይሆናል። በክረምት ጉም ሲወርድና ጭቃው ሲያንሸራትት የክራንቹ ጎማ አይነክስም። እግሩ ላይ የብረት ድጋፍ የሚያስር ሰው ሌላም ያውቃል፦ በኅዳር ጠዋት ብረቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ እናቴ ድጋፌን ማታ ማታ ከብርድ ልብሱ ሥር እግርጌዬ ታስቀምጥልኝ ነበር። ኮምቦልቻ ስመጣ መጀመሪያ የረሳሁት ነገር ይህን ነው።

ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከወረዳችሁ በኋላ፣ ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ፣ ቦርከና በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ትገኛለች። ሜዳነቷ ብቻውን ለተሽከርካሪ ወንበር ግማሽ ነፃነት ነው። ሥራም አላት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፤ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ፈላጊ ከደሴ የተሻለ ዕድል አለው። መዘዙ መኪናው ነው። በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ከባድ ተሽከርካሪ በከተማዋ ያልፋል። ለዓይነ ስውር ያንን መንገድ ማቋረጥ የደሴን ዳገት ከመውጣት ይከብዳል፤ መስማት ለተሳነው ደግሞ ከኋላ የሚመጣው መለከት ምንም አይነግረውም።

ለደሴ የሚያደላው ሌላው ነገር አገልግሎቱ ነው። ሰው ሠራሽ እግር፣ ድጋፍና ክራንች የሚሠራበትና የሚጠገንበት የአካል ተሃድሶ ማእከል ያለው ደሴ ነው። ትልቁ ሆስፒታልም እዚያው ነው፤ ለዓይንና ለቆዳ ሕመም ስሙ የታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ከደሴ ብዙ አይርቅም። ሰው ሠራሽ እግር የሚጠቀም ወጣት እግሩ በጠበበው ወይም በላላ ቁጥር መመላለሱ አይቀርም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ካለፈባቸው በኋላ ይህን መመላለስ የሚያውቁ ወጣቶች በዝተዋል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀምና ሥራ ለሚፈልግ ሰው ኮምቦልቻ ትሻላለች። ዓይነ ስውር የሆነና ደሴ ያደገ ሰው እዚያው ቢቆይ ይሻለዋል፤ እግሩ የሚያውቀው ደረጃ ከማያውቀው ሜዳ ይበልጣል። መስማት የተሳነው ወጣት በምልክት ቋንቋ የሚያወሩት ጓደኞቹ ያሉበትን ከተማ ይከተል። በክራንች የምንሄድ ደግሞ ሁለቱም ከተሞች ውስጥ እንሰቃያለን፤ እኔ ሙቀቱን መረጥኩ።

ግቢ ውስጥ የራስ ክፍል

ርካሹና ለመጀመር የሚመቸው ይህ ነው። በብዙ የደሴ ግቢዎች ከዋናው ቤት ጎን አንድ ሰርቪስ ክፍል አይጠፋም። ያንን አጽድቶ ለወጣቱ መስጠት ይቻላል። ሌሊቱ የተሞላ ነው፤ እናት አሥር እርምጃ ላይ ናት።

ቁልፉ ግን ይፈተናል። የእኔን ክፍል ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ እናቴም ሁለተኛውን ይዛ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ አልጋዬ ተነጥፎ፣ ልብሴ ታጥቦ፣ መጽሐፎቼ በቁመት ተደርድረው አገኘሁ። «ምን አደረግሁ፣ አጸዳሁልሽ እንጂ» አለችኝ። ተኮራረፍን፤ ሦስት ቀን ቡና በየክፍላችን ጠጣን። በመጨረሻ ሁለተኛው ቁልፍ ጎረቤታችን እትዬ ዘንድ እንዲቀመጥና ለሌሊት አደጋ ብቻ እንዲወጣ ተስማማን። ትንሽ ነገር ይመስላል። የክፍሉ ባለቤት እኔ መሆኔን ሰፈሩ ያወቀው ግን በዚያ ቁልፍ ነው።

ይህን ምርጫ ለምትወስዱ አንድ ምክር አለኝ፤ ቀን ቁረጡለት። «አንድ ዓመት፣ እስከሚቀጥለው መስከረም» በሉ። ቀን ያልተቆረጠለት ሰርቪስ ክፍል አሥር ዓመት ሲቆይ አይቻለሁ። በዚያ ዓመት ውስጥ ወጣቱ ሽሮ መሥራት፣ ልብስ ማጠብ ወይም ማሳጠብ፣ የመብራትና የውሃ መክፈል፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ይልመድ። ምግቡንም ከዋናው ቤት ምድጃ ለይቶ ይሞክር። እንጀራው ከእናት ቤት ከመጣ ክፍሉ የመኝታ ክፍል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ደባል

ለብዙ ወጣት ከቤተሰብ ግቢ ቀጥሎ የሚመጣው ትክክለኛ እርምጃ ይህ ይመስለኛል። ኪራዩ ይከፈላል፣ ሌሊቱ ይሞላል፣ ቁልፉ በሁለት እኩያሞች እጅ ነው።

ደባል ሲመረጥ ሁለት ስሕተት ይበዛል። አንደኛው ዘመድ መምረጥ ነው። የአክስት ልጅ ደባል ሲሆን ለእናት ወሬ አቀባይ ይሆናል፤ ማታ ስንት ሰዓት እንደተገባ ደሴ ሙሉ ያውቃል። ሁለተኛው ያልተነገረ ውል ነው። እኔና ጓደኛዬ ስንጀምር ማን ምን እንደሚሠራ አልተነጋገርንም። እሷ ውሃ ትቀዳለች፣ እኔ አበስላለሁ፤ ይህ በራሱ ጊዜ የተፈጠረ ክፍፍል ነበር። ከስድስት ወር በኋላ በአንድ ጭቅጭቅ መካከል «ሰውን መርዳት አንገሸገሸኝ» አለችኝ። ለካ እኔ ማብሰሌን እንደ ድርሻ ስቆጥር እሷ ውሃ መቅዳቷን እንደ ምጽዋት ትቆጥረው ኖሯል። ሁለታችንም አልተሳሳትንም፤ ተነጋግረን አለመጀመራችን ነው የጎዳን። ስለዚህ ገና ቤት ሳትገቡ ሥራውን በወረቀት ተከፋፈሉ። ከዚያ ውጪ የሆነ እገዛ፣ ለምሳሌ ገላ ማጠብ ወይም ማልበስ ካለ፣ ከደባል ባትጠብቁት ይሻላል። ለእሱ የሚከፈለው ሰው ፈልጉ፤ የሚከፈለውን ሰው ማዘዝ ይቻላል፣ ጓደኛን ግን ስታዝዙት ጓደኝነቱ ያልቃል።

ሁለት አካል ጉዳተኞች ደባል ቢሆኑስ? ጥሩ ይሆናል፣ ጉዳታቸው ከተለያየ። አንድ ዓይነ ስውር ወጣትና አንድ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጓደኛው አብረው ሲኖሩ አይቻለሁ። አንዱ ወንበሩን ይገፋል፣ ሌላው መንገዱን ይነግረዋል። ገበያ ሲወጡ የሚያያቸው ሰው ከንፈሩን ይመጣል፤ እነሱ ግን የሚጨቃጨቁት ስለ ቲማቲም ዋጋ ነው።

ብቻ መከራየት

ከሁሉም ውድ የሆነውና ከሁሉም የምወደው ይህ ነው። ወጪውን ስታሰሉ ኪራዩን ብቻ አትቁጠሩ። ሌላው ሰው በእግሩ የሚሄድበት ቦታ እኛ ባጃጅ ኮንትራት እንይዛለን። ሌላው ተሸክሞ የሚመጣውን ውሃ እኛ እናስቀዳለን፤ ሙሉ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፣ ሁለት እጁ ክራንች የያዘ ሰው አንድም ሊትር አይሸከም። እኔ የመጀመሪያውን ወር ወጪ ስደምር ባጃጅ፣ ውሃና ልብስ አጣቢ ተደምረው የኪራዩን ግማሽ አልፈው ነበር። ቀጥሎ ኪራዩ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ለመሥሪያ ቤቴ ግን ቅርብ የሆነ ቤት ስይዝ ጠቅላላ ወጪዬ ቀነሰ። ርካሽ ቤት ሩቅ ቦታ ለእኛ ርካሽ አይደለም።

ሌሊቱን በሰው ሙሉት። ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ፣ ለብቻው አጥር ከተሠራለት ቤት ይሻላል። ግድግዳ ሲመታ የሚሰማ ጎረቤት ይኑራችሁ፤ መስማት የተሳነው ሰው ደግሞ በመልእክት የሚጠራው። ስልኩ ከአልጋ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይደር። እኔ መብራት በጠፋበት የመጀመሪያ ሌሊት አንዱ ክራንቼ ወድቆ ከአልጋው ሥር ገባ፤ ሽንት ቤት ሳልሄድ ነጋ። አሁን ሁለቱም በገመድ ከአልጋው ራስጌ ይታሰራሉ።

የተማሪ መኝታ ቤት

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ በደሴ ወይዘሮ ስሂን፣ በኮምቦልቻ ደግሞ የኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አሉ። መኝታና ምግብ ለተሰጠው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ መግባት ጎጆ የወጣ ያስመስላል። ጓደኛ ለማፍራት የሚወዳደረው የለም። ኑሮ ግን አያስተምርም፤ ምግቡ ተሠርቶ ይቀርባል፣ ኪራይ የለም፣ ከሦስትና አራት ዓመት በኋላ ወጣቱ ዲግሪውን ይዞ በቀጥታ እናቱ ቤት ይመለሳል። መኝታ ክፍሉ ምድር ቤት እንዲሆን መጀመሪያ ቀን ጠይቁ፤ የክረምቱን እረፍት ደግሞ ለኪራይ ቤት መለማመጃ አድርጉት።

አካል ጉዳተኞችን ሰብስበው የሚያኖሩ ማእከላትን በዚህ ንጽጽር ውስጥ አላስገባሁም። በሦስቱ ጥያቄዎች ስመዝናቸው የሚያልፉት ሌሊቱን ብቻ ነው።

ቤት ልታዩ ስትሄዱ

ሜትር ያዙ። ደላላው ይስቃል፤ ይሳቅ። ባለፈው ዓመት አንድ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ ቤት ሲፈልግ አብሬው ሄድኩ። ክፍሉ ሰፊ፣ ሊሾ የተደረገ፣ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ነበር። ወንበሩ 66 ሴንቲ ሜትር፣ በሩ 70። «ይገባል» አሉ አከራይዋ። ገባ፤ ግን እጆቹ ጎማው ላይ ስለነበሩ ጣቶቹ ተላጡ። በር ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ሊሆን ይገባዋል። ውስጥ ደግሞ ወንበሩ ዞሮ እንዲወጣ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ አልጋና ቁም ሳጥን ከገቡ በኋላ ማለት ነው፣ ባዶውን ክፍል ለክታችሁ አትሂዱ።

ከበሩ በፊት ሦስት ደረጃ ነበረ። አከራይዋ በቅን ልብ «ልጆቼ ያነሱታል» አሉ። ልጁ ቀስ ብሎ፣ «እናቴ፣ ልጆችዎ ትምህርት ቤት ሲሆኑስ?» አላቸው። መልስ አልነበራቸውም። መወጣጫ ቢሠራስ ብለን አሰላን። ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ነው የሚያስፈልገው፤ ሦስቱ ደረጃዎች 45 ሴንቲ ሜትር ስለነበሩ አምስት ሜትር ከአርባ ሴንቲ ሜትር ሊሆን ነው። ግቢው ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ሜትር ነበር። አናጺ አሳጥሮና አቁሞ ቢሠራላችሁ እሺ አትበሉ፤ ዳገቱ የበዛ መወጣጫ ወደ ኋላ ይገለብጣል።

የመጨረሻው ሽንት ቤቱ ነው፤ ሁሉም ሰው ማየት የሚያፍረው እሱን ስለሆነ። የወል ሽንት ቤት ብዙ ጊዜ ከግቢው ጥግ፣ በድንጋይ ወጥታችሁ የምትደርሱበት ነው። ሄዳችሁ በሩን ዝጉት፤ ተዘግቶ ውስጥ መዞር ይቻላል? መቀመጫ ከሌለው መካከሉ የተቆረጠ ጠንካራ ወንበር ማሠራት ቀላል ነው፤ በጎን መያዣ ብረት ለማስገባት ግን ግድግዳው ብሎኬት ይሁን፤ ቆርቆሮ ሰው አይችልም። ለሴት ልጅ ደግሞ መንገዱ ሌሊት መብራት ይኑረው።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ወጣት

ወላጆች እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ለእኛ አይሆንም» ይላሉ። ይሆናል፤ ፍጥነቱ ነው የሚለየው። ለእንደዚህ ዓይነት ወጣት ግቢ ውስጥ ያለው ክፍል ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ወይም ወንድሙ ቤት አጠገብ ያለ ኪራይ ሊመረጥ ይችላል። ገንዘቡም ሁሉን ወይም ምንም መሆን የለበትም። የማውቃት አንዲት እናት ለልጇ የሳምንቱን በሰባት ፖስታ ከፍላ ትሰጠዋለች፤ እያንዳንዱ ፖስታ የራሱ ቀለም አለው። ሰኞ ቀዩን ይከፍታል፤ ዳቦ፣ ሻይና ለስላሳ ይገዛል። አንድ ሰኞ ጠዋት ሙሉውን ለአንድ ኳስ ከፍሎ ምሳ ሳይበላ ዋለ። እናቱ አልቅሳ ነገረችኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ እኛስ ስንቴ እንዲህ አድርገናል?

ቤተሰብ ሲጨነቅ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ልጁ «በፍርድ የተከለከለ» እንዲባልና ሞግዚት እንዲሾምለት ይጠይቃል። ሕጉ ይፈቅዳል። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጋችን 18 ዓመት የሞላው ሰው ችሎታ አለው ተብሎ ይገመታል፤ ጉዳቱ ብቻውን ይህን አይነጥቀውም። ከተከለከለ በኋላ መዋዋልና ንብረቱን ማስተዳደር ስለሚቸግረው፣ ሊያጠፋው የሚችል ትልቅ ንብረት ወይም ውርስ ከሌለ በቀር አትቸኩሉ። ለዳቦና ለሻይ ፖስታው ይበቃል።

ውል፣ ፊርማ፣ ሥራ

ዓይነ ስውር ተከራይ አንድ ነገር ይወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728፣ ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በአዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የታሰበው እንዳይታለል ነው። ኑሮ ውስጥ ግን አከራዮች «ፊርማህ አይጸናም» ብለው ቤት የሚከለክሉበት ሰበብ ሆኗል። አንድ ዲግሪ ያለው ዓይነ ስውር ወዳጄ ከአንድ የገንዘብ ተቋም መስኮት ላይ «የሚያይ ሰው ይዘህ ና» ተብሎ ተመልሷል፤ የራሱን ደመወዝ ሊያወጣ። መፍትሔው ውሉን ውል በሚረጋገጥበት ጽሕፈት ቤት ማድረግ ነው፤ ለዕለት ዕለት ክፍያ ደግሞ ማያ ገጹን በድምፅ የሚያነብ ስልክና ቴሌብር ብዙ መስኮት ያስቀራሉ።

ኪራዩን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የጽሑፍ ውልን፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት ዘመንንና ከሁለት ወር የማይበልጥ ቅድሚያ ክፍያን ይደነግጋል፤ በየከተማው ተግባራዊ የሚሆነው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ ቀበሌያችሁን ጠይቁ። ሁለት ዓመት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ በራሳችን ገንዘብ መወጣጫ አሠርተን በስድስተኛው ወር «ልጄ ከዐረብ አገር ልትመጣ ነው፣ ልቀቁ» ስንባል ሲሚንቶው ይዘነው የምንሄደው ነገር አይደለም።

በሥራ በኩል አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። ቀጣሪ በጉዳት ምክንያት ማግለል እንደማይችልና የሥራ ቦታውን ምቹ ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋል። በቃለ መጠይቅ ላይ አዋጁን መጥቀስ ብዙም አይጠቅምም፤ አስቆጥቶ ይመልሳል። «ጠረጴዛው አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል እሠራለሁ» ማለት ግን ይሠራል። አዋጁ ለእምቢታው ቀን ይቀመጥ።

መሥራት ለማይችል ወጣት፣ ደሴ በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ከተጀመረባቸው አሥራ አንድ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ መሥራት ለማይችሉ የቀጥታ ድጋፍ የሚባለው ክፍል አለው። ምልመላው በቤተሰብ ስለሆነ፣ የማኅበረሰብ ጤና መድንም እንዲሁ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ቀበሌ ሄዳችሁ «ብለይ ምን ይቀርብኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይጠይቅ ወጥቶ ከሁለቱም መዝገብ የወደቀ አውቃለሁ።

ቅሬ

ወሎ ውስጥ ሰው ጎጆ መውጣቱ የሚታወቀው ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ሲገባ ነው። ኮምቦልቻ በመጣሁ በአራተኛው ወር የቅሬውን ዳኛ ልመዘገብ እፈልጋለሁ አልኳቸው። «ልጄ፣ በእናትሽ በኩል ደሴ አለሽ አይደል?» አሉኝ። አለኝ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ውሃ አትቀጂ፣ እንጨት አትሸከሚ።» መዝገብ እይዛለሁ አልኳቸው። ዝም አሉ፤ ከዚያ መዝገቡን አውጥተው ገለበጡት። የሦስት ወር መዋጮ ተደምሮ አያውቅም ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ ደመርኩት፤ የመቶ ሰባ ብር ጉድለት ወጣ። ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ከነአባቴ ጠየቁኝ።

ይህን እንደ ክብር ነገር ብቻ አትዩት። ከላይ ለጠቀስኩት ሦስተኛ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ቅሬ ነው። ሌሊት ብትታመሙ አከራዩን ቀስቅሶ ባጃጅ የሚያመጣ፣ ሁለት ቀን ካልታያችሁ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት የሚገኘው በመዋጮ መዝገብ ላይ ስማችሁ ሲኖር ነው። ደባልም ብትሆኑ፣ ብቻችሁም ብትሆኑ፣ በገባችሁ በጥቂት ወር ውስጥ ተመዝገቡ። ግቢ ውስጥ ክፍል የያዘ ወጣትም ቢሆን ከእናቱ ስም ተለይቶ በራሱ ስም ይግባ፤ መዋጮው እጥፍ ቢሆንም።

መቼ ይወጣ?

ቤት መፈለግ በመስከረም አትጀምሩ፤ ተማሪውም ሠራተኛውም የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው፣ ምድር ቤት ያለ ክፍል አይተርፍም። በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናብ በሚወርድበት ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ እዩ። ውሃው ከግቢው ወዴት እንደሚፈስ፣ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ጭቃ ስንት ጣት እንደሚሆን፣ ኮብልስቶኑ ላይ ክራንች እንደሚያዝ የሚታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በግንቦት ፀሐይ ያየሁት የመጀመሪያው ቤቴ በሐምሌ ደጃፉ ኩሬ ሆነ፤ ሁለት ወር ሙሉ ከመንገዱ እስከ በሬ በተደረደረ ጡብ ላይ ስረማመድ ከረምኩ።